«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፦ ለሜዲኬር መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሜዲኬርና ሜዲኬይድ አገልግሎቶች ማዕከል
ዉድሎን፣ ሜሪላንድ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እንግሊዝኛ አቅቶኝ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የምሠራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከመመሪያችሁ ጋር ስጨቃጨቅ የምውለውም በእንግሊዝኛ ነው። ግን እናንተ ተርጓሚ አላችሁ። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ አንዱን ጠርታችሁ «ምን ይላል?» ብትሉት በግማሽ ሰዓት ይነግራችኋል። የእናንተ ደብዳቤ የእኛ እናቶች እጅ ሲገባ ግን እንዲህ አይቀልም። ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። ልጅ ከሥራ እስኪመጣ ይጠበቃል። ልጅ ደክሞት ይመጣል። «ቅዳሜ አየዋለሁ» ይላል። ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። በሰሜን ቨርጂኒያ የአንድ ትንሽ ክሊኒክ የቢሊንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የታካሚዎቻችንን ሂሳብ ከሜዲኬር፣ ማለትም ከአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን፣ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሐኪሞቻችን ሦስት ናቸው። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ አዛውንቶች ናቸው። ልጆቻቸው አምጥተዋቸው የልጅ ልጅ ሲያሳድጉ ኖረው፣ አሁን የራሳቸው ጉልበት የከዳቸው። ክሊኒካችን ከሕክምናው ጎን ለራሱ ታካሚዎች ከዘራ፣ ዎከር (በሁለት እጅ ተይዞ የሚኬድበት ድጋፍ)፣ የሚታጠፍ ዊልቸርና የጉልበት ድጋፍ ይሰጣል። የሆስፒታል አልጋ ወይም የኦክስጅን ማሽን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ግን የሌላ አቅራቢ ስልክ ሰጥተን ነው የምንሸኘው። ሐኪም ራሱ አዝዞ ራሱ እንዳያተርፍ የሚከለክለው የስታርክ ሕግ ለእኛ ዓይነቱ ክሊኒክ የተወው ጥቂት ዕቃ ነው። በዚህ ቅር አይለኝም። ጥሩ ሕግ ነው።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ወረቀት» እላለሁ። አንድ ዎከር ከክሊኒካችን እንዲወጣ መጀመሪያ ወረቀቱ በሁለት እግሩ መቆም አለበት። የሐኪሙ ትእዛዝ ስድስት ነገር ይይዛል፦ የታካሚው ስም ወይም የሜዲኬር ቁጥሩ፣ ትእዛዙ የተጻፈበት ቀን፣ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ የሐኪሙ ስም ወይም መለያ ቁጥሩ፣ ፊርማው። ይህን ከ2020 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ስላደረጋችሁት አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት የነበረውን ያየ ያውቀዋል። በ2023 ደግሞ ያንን የሕክምና አስፈላጊነት ማረጋገጫ የሚባለውን ቅጽ ጨርሳችሁ አስቀራችሁልን። የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ ቡና አፍልተናል፤ እውነቴን ነው።

እና ስድብ ብቻ ይዤ አልመጣሁም።

ከስድስቱ አንዷ ከጎደለች ግን ጉድ ነው። ሐኪም የምርመራ ማስታወሻው ላይ መፈረም ቢረሳ በኋላ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ ማረጋገጫ መስጠት ይችላል። ትእዛዙ ላይ መፈረም ከረሳ ግን ማረጋገጫ አይሠራም። ትእዛዙ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ታካሚው ዕቃውን ሲረከብ የፈረመበት ወረቀትም አለ። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። ከዚያ ክሌሙ፣ ማለትም ለሜዲኬር የምንልከው የክፍያ ጥያቄ፣ ላይ «ኬኤክስ» የምትባል ሁለት ፊደል እጨምራለሁ። «መስፈርቱ ተሟልቷል፤ ማስረጃው እጄ ላይ አለ» ማለት ናት። ለእኔ መሐላ ናት። አንድ ጊዜ የቆዩ ፋይሎችን ሳገላብጥ አራት ዊልቸሮች ላይ ይህችን ፊደል አስገብቼ፣ ማስታወሻው ውስጥ ግን ዎከር ለምን እንዳልበቃቸው የሚል አንድ መስመር እንኳ እንደሌለ አየሁ። የራሴ ጥፋት ነበር። ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ገንዘቡን መለስን። ማንም አልጠየቀንም። ሕጉ ግን ትርፍ የተከፈለህን ካወቅህ በኋላ በ60 ቀን መልስ ይላል። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

አንድ ነገር ደግሞ በቅንፍ ልበል። የእኛ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ የአሌክሳንድሪያ ሌላው የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ከሆኑ፣ የዎከራቸው ክሌም የሚሄደው ለየቅል ነው። የቨርጂኒያው ወደ ሲጂኤስ፣ የሜሪላንዱ ወደ ኖሪድያን፤ ሁለቱም ለእናንተ ክሌም የሚያስተናግዱ ድርጅቶች ናቸው። ክሊኒኩ የት ነው ሳይሆን ሰውየው የት ነው የሚኖረው ነው ጥያቄው። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግረው ሴት ልጃቸው ቤት የገቡ አንድ አባት አድራሻቸውን ሳይቀይሩ ቀርተው ክሌማቸው ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። ይህን ለእሳቸው ለማስረዳት የፈጀብኝን ጊዜ ባልቆጥረው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አንዲት እናት አሉን። ስማቸውን አልጠራም፤ እማማ እንበላቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው አልቀዋል። ዎከር ሞክረው ነበር፤ የእጃቸው ቁርጥማት አላስጨብጥ አላቸው። ሐኪማቸው ሐበሻ አይደለም፤ ግን ደግ ሰው ነው። ወንድ ልጃቸው አብሯቸው ገብቶ አስተረጎመ።

«እንዴት ነዎት?» አላቸው ሐኪሙ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሐኪሙ ጻፈ፦ ታካሚዋ ደህና እንደሆኑ ይናገራሉ።

«ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ ይችላሉ?»

«ኧረ ምን እሆናለሁ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያልኩ እሄዳለሁ። እኔን የቸገረኝ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ነው። ከመኪናው እስከ በሩ ያለችው መንገድ ገደለችኝ።»

ሐኪሙ ጻፈ፦ ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ዊልቸር የፈለጉት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነው።

ሐኪሙ አልዋሸም። የሰማውን ነው የጻፈው። የእኔም ጥፋት አለበት፤ ማስታወሻውን በጥንቃቄ ሳላነብ ዊልቸሩን አስረከብኩ። ክሌሙ ሄደ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ማስረጃ አቅርቡ የሚል ደብዳቤ መጣ። ክሊኒካችን ያኔ ከ20 እስከ 40 ክሌም እየመዘዛችሁ በምትመረምሩበትና በምታስተምሩበት ዙር ውስጥ ነበር። የተሰጠን 45 ቀን ነው። ላክን። ተከለከለ።

የተከለከለበት ምክንያት በመመሪያችሁ ትክክል ነው። ሜዲኬር ዊልቸር የሚከፍለው ሰውየው ቤቱ ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ፣ ለመብላት፣ ለመልበስ፣ ለመታጠብና ራሱን ለማሰናዳት ሲቸገር፣ ችግሩም በከዘራ ወይም በዎከር የማይፈታ ሲሆን ነው። ቤተ ክርስቲያን አይቆጠርም። መስጊድም አይቆጠርም። ለቅሶ ቤትም አይቆጠርም። እኔ በግሌ ይህ «ቤት ውስጥ» የሚለው ነገር ሰውን ከቤቱ አትውጣ የማለት ያህል ይመስለኛል። ግን ሕጉ ከላይ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በእሱ አልሟገታችሁም።

የምሟገታችሁ በ«ደህና ነኝ» ነው።

እኛ ዘንድ «እንዴት ነዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት የጤና ሪፖርት አይደለም። ሰላምታ ነው። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰውም ይለዋል። እግሩን ጄሶ ያሰረም ይለዋል። አልጋ ላይ ያለ ሰው ልትጠይቁ ሄዳችሁ «እንዴት አደርክ?» ብትሉት መጀመሪያ «ይመስገን» ነው የሚላችሁ። ሕመሙን የምትሰሙት ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነው፤ እሱም ሚስቱ ከተናገረች። ለማያውቁት ሰው፣ ያውም ለተማረ ሐኪም፣ ገና ከበሩ «አልቻልኩም» ብሎ መጀመር ነውር ነው። ክሌም ገምጋሚው ግን ይህን ከየት ያውቃል? የሚያየው እንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ታካሚዋ ደህና ናቸው ይላል። ደህና የሆነ ሰው ዊልቸር ምን ያደርግለታል?

ውድቅ የተደረገበት ደብዳቤ በመጣ በማግስቱ ለእማማ ደወልኩላቸው። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበር። «እማማ፣ ሌሊት ሽንትዎ ሲመጣ እንዴት ነው የሚያደርጉት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እሱ ቆሞ እየሰማኝ ይሄን እንዴት ብዬ ልናገር?» አሉኝ።

ሌሊት አይነሡም ለካ። ከአልጋው ሥር ፖፖ አለ። ጠዋት ልጃቸው ሥራ ከሄደ በኋላ ግድግዳ እየታከኩ እየተጎተቱ ሄደው ይደፉታል። ሁለት ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ወድቀዋል። ገላቸውን ከታጠቡም ቆይተዋል፤ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በፎጣ ነው የሚያብሱት። «ግድግዳ እያልኩ እሄዳለሁ» ያሉት ይህን ነው።

እንደገና ቀጠሮ ያዝንላቸው። በዚህኛው ቀን ልጃቸው ውጭ ጠበቀ። በስልክ አስተርጓሚ አገናኘን፤ ሴት እንድትሆን ጠይቄ ነበር። ሐኪሙም «እንዴት ነዎት?» ማለቱን ትቶ «ትናንት ማታ ከአልጋዎ ተነሥተው የት የት ሄዱ? በምን ሄዱ?» አላቸው። ማስታወሻው ሌላ ሆነ። ሜዲኬር ለዊልቸር የሚከፍለው በየወሩ እንደ ኪራይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ኪራይ ተከፈለ። ከዚያ በፊት ያለውን ክሊኒኩ ዋጠው፤ ከእሳቸው ኪስ መጠየቅ አልቻልንም፣ አልፈለግንምም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ነው ተብሏልና። ማስረጃ አቅርቡ ስትሉን የመጀመሪያውን ማስታወሻ ሳይ «ዶክተር፣ እዚች ጋ ‹ቤት ውስጥ› የሚል ጨምርበት» ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ናት። ማንም አያውቅም። እንዲህ የሚያደርጉ እንዳሉም እሰማለሁ፤ ለሁሉም ታካሚ አንድ የተዘጋጀ አንቀጽ አላቸው፣ ስሙ ብቻ ይቀየራል። እሱ ወዴት እንደሚወስድ አውቃለሁ። በሐሰት መንግሥትን ገንዘብ የጠየቀን የሚቀጣው ሕግ ከ1863 ጀምሮ አለ፤ በሊንከን ጊዜ፣ ለጦሩ የተበላሸ ዕቃ ይሸጡ ለነበሩ ነጋዴዎች የወጣ ነው። እኔ ልጆች አሉኝ። ግን የሚያበሳጨኝ ነገር ምን መሰላችሁ? የእማማ እውነት ከዚያ የተዘጋጀ አንቀጽ የከፋ ነበር። እውነቱ ተከለከለ፤ ያ የተዘጋጀ አንቀጽ ግን ሳይጠየቅ ያልፍ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናዬ ይህ ነው። ሐኪም የእንቅስቃሴ ምርመራ ሲያደርግ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች እናንተው አዘጋጁልን። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ ሌላም ሽማግሌ በሚናገረው ቋንቋ። ታካሚው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሙላው፤ ሐኪሙ አይቶ፣ መርምሮ፣ ፈርሞበት ከማስታወሻው ጋር ይቆጠር። ዛሬ እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ባዘጋጅ፣ አቅራቢው ራሱ ያዘጋጀው ወረቀት በራሱ ማስረጃ አይሆንም ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔ ያዘጋጀሁትን እኔም አላምነውም። እናንተ ካዘጋጃችሁት ግን የእናንተ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኤቢኤን ነው። ለማያውቁ አንባቢዎች፦ «ይህን ሜዲኬር ላይከፍል ይችላል፤ ካልከፈለ ከኪስዎ ነው» ብለን ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት የምናስፈርመው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ግምታዊ ዋጋው ይጻፍበታል። ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው «እፈልጋለሁ፤ ለሜዲኬርም ጠይቁልኝ» ነው። ሁለተኛው «እፈልጋለሁ፤ ለሜዲኬር ግን አትጠይቁ»። ሦስተኛው «አልፈልግም»። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም፤ ሜዲኬር ምንም አልወሰነማ።

አንድ አባት ፊቴ ተቀምጠው ወረቀቱን አገላበጡትና «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሉኝ። «ቆይ አባባ፣ መጀመሪያ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ» አልኳቸው። ብዕሩን መሐለኛው ላይ አደረጉ። «ለምን እሱን?» ስላቸው «መሐል ይሻላል ብዬ ነዋ» አሉኝ። ሳቅኩ፤ እሳቸውም ሳቁ። ግን ለሳቅ አልነበረም። ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ አንድ በአንድ። አሰቡና «እንግዲያው ወረቀቱን በአማርኛ ስጪኝና ቤት ወስጄ ከልጄ ጋር እንምከርበት» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰው ገንዘቡን ሊከፍል ሲል እንዲህ ነው የሚለው።

በአማርኛ ልሰጣቸው አልችልም። መመሪያችሁ የታተመው ቅጽ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ ነው ይላል። በቃል ላግዛቸው ይፈቀድልኛል፤ ማገዜንም ቅጹ ላይ «ተጨማሪ መረጃ» የሚል ቦታ ጋ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ግን አይተረጎምም። ስለዚህ እኒያ አባት ቤት ይዘውት የሄዱት የማያነቡትን ወረቀትና የእኔን ድምፅ ትዝታ ነው። እኔ ደግሞ ገንዘቡን የምቀበለው ክሊኒክ ተቀጣሪ ነኝ። ዕቃ የሚሸጠው ሰው የገዢውን ውል በቃሉ እየተረጎመ ሲያስፈርም ሌላ ቦታ ብታዩ ምን ትሉ ነበር?

ከእኛ ድልድይ ማዶ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥታለች። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለአንድ ከተማ የተቻለ ነገር ለእናንተ ያቅታል ብዬ አላምንም። ማርች 1 ቀን 2025 ፕሬዚዳንቱ እንግሊዝኛ ይፋዊ ቋንቋ ነው የሚለውን ትእዛዝ መፈረማቸውን አውቃለሁ። እንደዚያ ልትመልሱልኝ አስባችሁ ከሆነ ትእዛዙን እኔም አንብቤዋለሁ። መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡትን አገልግሎት እንዲቀይሩ አያስገድድም፤ ራሱ ነው የሚለው። ደግሞም ስፓኒሹ ቅጽ አለ። አንድ ገጽ ነው የምለምናችሁ።

ሦስተኛው የሌቦቹ ነገር ነው። እዚህ ጋ ትንሽ እናደዳለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጡረታ የወጡ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ጋሼ የምላቸው፣ የሜዲኬር መግለጫቸውን አጣጥፈው በኮታቸው ኪስ ይዘው መጡ። በሩን ዘጉት። ወንበሩን ሳቡት። መግለጫው ላይ በመቶ የሚቆጠር የሽንት ቱቦ ወስደዋል ይላል፤ ረግጠውት ከማያውቁት ስቴት ካለ ድርጅት። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሽንቴን እቆጣጠራለሁ! ማን ነው እንዲህ ብሎ ስሜን ያጠፋው?» አሉኝ። ገንዘቡ አልነበረም ያንገበገባቸው፤ ክብራቸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ለሚስታቸው እንኳ ሳያሳዩ ደብቀውት ነበር።

ይህ የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በ2019 «ነጻ የወገብና የጉልበት ድጋፍ» እያሉ በስልክ ሽማግሌ ያደኑትን ዓቃቤ ሕግ ሲከስ የተጠቀሰው ገንዘብ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በጁን 2025 ደግሞ የሽንት ቱቦው ጉድ ወጣ፤ 10.6 ቢሊዮን ዶላር የሐሰት ክሌም፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የተሰረቀ ማንነት። ወንጀለኞቹ አዲስ ድርጅት ከመክፈት ይልቅ ፈቃድ ያላቸውን በደርዘን የሚቆጠሩ የሕክምና ዕቃ ድርጅቶች ገዝተው ገቡ። አብዛኛው ከእናንተ ካዝና ሳይወጣ እንዳስቆማችሁት አንብቤያለሁ፤ ጎሽ ብያለሁ። ግን ክሌሙ በወረቀት የሚታይ አይደለም። ኮድ፣ የታካሚ ቁጥር፣ የሐኪም ቁጥር፣ ያቺ ሁለት ፊደል፤ ያልፋል። ወረቀቱ የሚጠየቀው ለኦዲት ሲመዘዝ ነው። እኛ ለአንዲት ዎከር ሰባት ዓመት ወረቀት የምንጠብቀው ኦዲተር ሲመጣ ቤታችን ስለሚገኝ ነው። እነሱ ኦዲተር ሲመጣ የሉም።

ከሌብነቱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ማንም የማያወራው ነው። ሌላ ታካሚ አሉን፤ እትዬ እንበላቸው። ስልክ ተደውሎላቸው «ነጻ ነው» ሲባሉ ቁጥራቸውን ሰጥተዋል። በፖስታ አንድ ትልቅ ካርቶን መጣ። ውስጡ የጉልበት ድጋፍ ነው፤ ለእሳቸው ጉልበት ሳይሆን ለሁለት ጭናቸው ይበቃል። ሶፋው ሥር ተወረወረ፤ አሁን ድመቷ ነው የምትተኛበት። በኋላ ጉልበታቸው የምር ሲበላሽና ሐኪማችን ትክክለኛውን ሲያዝላቸው ታካሚው በሜዲኬር የወሰደው ዕቃ የሚታይበትን የኮምፒውተር ፖርታል ከፈትኩ። ተመሳሳይ ዕቃ ወስደዋል፤ የአገልግሎት ጊዜው አላለቀም ይላል። ሌባው ለእሳቸው የተፈቀደውን በልቶባቸዋል። ያለኝ ምርጫ ምንድን ነው? ያንኑ በአማርኛ የሌለውን ኤቢኤን አውጥቼ «እትዬ፣ ሜዲኬር ስለማይከፍል ከኪስዎ ይክፈሉ፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ልበላቸው?

እትዬ ማጭበርበሩን በ1-800 ቁጥራችሁ ደውለው አመልክተዋል። እኔ ነኝ አብሬያቸው የተቀመጥኩት። አስተርጓሚ ለማግኘት ጠበቅን፤ ተገኘ፤ በትህትና አስተናገዱን። ውሸት አልናገርም። የሜዲኬር ቁጥራቸውም ተቀየረላቸው። ከዚያ የሆነው ግን የእኛ የቆዩ ክሌሞች በአሮጌው ቁጥር ስለተላኩ መንከባለል ጀመሩ፤ ያቺ የሐሰት የጉልበት ድጋፍ ግን ወደ አዲሱ ቁጥር ተከትላቸው ሄደች! ቁጥሩ ይቀየራል፣ ታሪኩ አይቀየርም።

ልመናዬ ቀላል ነው። አንድ ሰው «ይህን ዕቃ አላዘዝኩም፣ ሐኪሜም አላዘዘልኝም» ብሎ ካመለከተ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ያ ክሌም የሚገባው ዕቃ እንዳይከለከልበት ምክንያት አይሁን። ታግዶ ይቆይ። ሲጣራም ይሰረዝ፤ መሰረዙም ለሰውየው በሚያነበው ቋንቋ ይነገረው። ዕቃውን የላከው ድርጅት ሌባ እንደሆነ በዜና እየሰማን እትዬን «ወስደሻል» ማለት አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እማማ እንዴት ሆኑ ካላችሁ፣ ደህና ናቸው፤ ይመስገን። (አሁን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።) አሥራ ሦስቱ የኪራይ ወራት ሞልተው ዊልቸሩ የራሳቸው ሆኗል። ሌሊት ሽንት ቤት በእሱ ይሄዳሉ፤ የተከፈለበት ምክንያት ይህ ነውና ፋይሌ ንጹሕ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ይዟቸው ይሄዳል፤ ይህን የሚከለክል መመሪያ ፈልጌ አጥቻለሁ። ልጃቸው በሩ ላይ ሲደርስ የሰው ጫማ ከተደረደረበት ጎን ያቆማቸውና ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ ጎማውን በጨርቅ ይወለውላል።

አንድ ግብዣ አለኝ። ቅጾቹን የሚያረቅቀው ሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት እኛ ክሊኒክ ይምጣ። ማክሰኞ አዳዲስ ታካሚዎች የሚመጡበት ቀን ነው። ከዉድሎን ቤልትዌዩ ካልተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ወንበር አጠገቤ አዘጋጃለሁ፤ ቡናም አለ። አንድ አባት ይገባሉ፣ ብዕር ያነሣሉ፣ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ይላሉ። መልሱን እሱ ይንገራቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰሜን ቨርጂኒያ የአንድ ትንሽ ክሊኒክ የቢሊንግ ሠራተኛ